ሙሉ ምርመራም ሸቀጥ ነው፤ ሳይመዘን አይገዛ

የሰኔ ወር ለነጋዴው የቆጠራ ወር ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት መጋዘን ይቆጠራል፣ ደረሰኝ ይለቀማል፣ የሒሳብ አዋቂው ቢሮ ይጨናነቃል። አይሱዙ ያለውም አይሱዙውን ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያቀርባል፤ ፍሬኑንና መብራቱን አስፈትሾ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን አሳድሶ፣ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መኪናው ስለቆመ አይደለም። እየሄደ ያለ መኪናም ፍሬኑ ሊያልቅ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው፤ ሕግ ስለሚያስገድደውም ጭምር። የመኪናው ባለቤት ግን ለራሱ ቦሎ የለውም። የደም ግፊቱ ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል።

ይህን ክፍተት ገበያው አይቶታል። በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች «ሙሉ ምርመራ» ወይም «ቼክ አፕ» የሚባለውን አገልግሎት በፓኬጅ እየሸጡ ነው። ፓኬጁ እንደ ገዢው ኪስ በደረጃ ይወጣል፤ ወርቅ፣ ፕላቲኒየም የሚል ስም ይሰጠዋል፤ የደምና የሽንት ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ከፍ ሲልም ሲቲ ስካንና ኤም.አር.አይ ይታከልበታል። ወደ ባንኮክና ወደ ዴልሂ ሰው የሚልኩ ወኪሎችም አሉ። ለመሆኑ ይህ ሸቀጥ ዋጋውን ያወጣል ወይ? ጥያቄው የሐኪም ብቻ አይደለም፤ የገበያም ነው። መልሱም እንዲህ ነው፦ ከፓኬጁ ውስጥ የተወሰነው ከዋጋው እጅግ የሚበልጥ ጥቅም አለው፣ ብዙው ግን የለውም። የሚገርመው ደግሞ ጥቅም ያለው ክፍል ከሁሉም የረከሰው መሆኑ ነው።

ደብተሩም አብሮ ይወድቃል

አንድ የመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ይታሰብ። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን አለው፤ ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበድሯል። በዱቤ የሰጠው ዕቃ ከድሬዳዋ እስከ ጎንደር ተበትኗል። ማን ስንት እንደቀረበት፣ ማን በቃሉ እንደሚገኝ፣ የትኛው ቼክ መቼ እንደሚመነዘር ከፊሉ በደብተር ሰፍሯል፤ የሚበልጠው ግን ያለው በጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱ ተሳስሮ ቢወድቅ የወደቀው እሱ ብቻ አይደለም። ባለዕዳው ይጠፋል፤ አበዳሪው ግን በማግስቱ ይመጣል። ልጆቹ ዕቃውን ከተገዛበት በታች ይሸጡታል። ወራት ሲያልፉ የባንኩ የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

በትልልቅ አክሲዮን ማኅበራት ሥራ አስኪያጅ ቢታመም ምክትል አለ። በመርካቶ ግን ድርጅቱ ማለት ሰውየው ነው። ስለዚህ የነጋዴው ጤና የግል ጉዳዩ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ዱቤ ለሰጠው፣ ዕቁብ አብሮት ለሚጥል፣ ብድር ለፈቀደለት ሁሉ የሥጋት ምንጭ ነው። ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ የሆነው የደም ግፊት ደግሞ ሁለት ደቂቃ በማይፈጅ ልኬት ይታወቃል። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅና አንድ መሣሪያ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የደም ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊታቸው በሚገባ የተቆጣጠረላቸው ከአምስት አንዱ ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከጎልማሶች 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው ጎልማሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይታወቁም። ሁለቱም በሽታዎች ለዓመታት አያሙም። ሁለቱም ኩላሊትን ቀስ በቀስ ያበላሻሉ። የኩላሊት እጥበት ላይ የደረሰ ሰው ቤተሰብ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ምን ያህል እንደሚከፍል የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ በየመንገዱ ፎቶ ግራፍና ድምፅ ማጉያ ይዞ እርዳታ የሚሰበሰበው ባብዛኛው ለማን እንደሆነም አይቷል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ የሒሳብ ስሌት ነው። ቅጠሉ ርካሽ ነው፤ ቃጠሎው ቤት ያሸጣል።

ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም

ይሁን እንጂ ከዚህ እውነት ተነስቶ «እንግዲያው ምርመራ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ወደሚለው መዝለል ስሕተት ነው። ገበያው የሚሸጠው ግን ይህን ዝላይ ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የሕክምና ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለየው በእውቀት አለመመጣጠን መሆኑን አስረድቷል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ጤፉን በእጁ ዘግኖ ያያል። ብረት የሚገዛ ውፍረቱን ይለካል። ምርመራ የሚገዛ ሰው ግን ምን እንደገዛ አያውቅም፤ የሚነግረው ሻጩ ነው። ከዚህም የባሰው፣ ሻጩ ከውጤቱ በኋላ ምን ተጨማሪ መግዛት እንዳለበትም ይነግረዋል። ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ ምን ያህል እንደሚታመን (ደላሎች ይቅርታ ያድርጉና) ገበያው ያውቀዋል። ሐኪሙ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውም ነው። ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ግን ሁልጊዜ ሐኪሙ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ላቦራቶሪዎች ለአብዛኛው የደም ምርመራ «ጤናማ» የሚሉትን ክልል የሚወስኑት ከመቶ ጤነኛ ሰዎች ዘጠና አምስቱን እንዲያካትት አድርገው ነው። አምስቱ ጤነኞች ሆነው ሳለ ከመስመሩ ውጭ ይወድቃሉ ማለት ነው። አንድ ምርመራ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ፓኬጁ ሃያ ምርመራ ካለውና አንዱ ከሌላው ጋር የማይያያዝ ነው ከተባለ፣ ፍጹም ጤነኛ ከሆኑ መቶ ሰዎች ስድሳ አራቱ ቢያንስ አንድ ውጤታቸው በቀይ ተሰምሮ ይወጣል። በተግባር ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ቢሆንም የፕላቲኒየም ፓኬጅ የገዛ ጤነኛ ሰው «አንድ ነገር ተገኝቶብኛል» ብሎ ቢወጣ ሊገርም አይገባም። ዕድሉ ራሱ ወደዚያ ያደላል።

ሌላም ስሌት አለ። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሺህ ሰዎች አምስቱ የተደበቀ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ጥሩ ነው፤ ከታመሙት ዘጠና በመቶውን ያገኛል፣ ካልታመሙት ደግሞ አምስት በመቶውን ብቻ በስሕተት «ታመሃል» ይላል። ሲሰላ ከታመሙት አራት ወይም አምስት ሰው ይያዛል፤ ካልታመሙት ደግሞ ሃምሳ ገደማ ሰው ይደነግጣል። «ተገኘብህ» ከተባሉት አሥራ ሁለት ሰዎች በእውነት የታመመው አንድ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ለተጨማሪ ምርመራ ይከፍላሉ፣ ይቆረጣሉ፣ ሌሊት ሳይተኙ ያድራሉ። በሽታው ብርቅ በሆነ መጠን ይህ ሒሳብ ይከፋል። በሽታው ብዙ ሰው ላይ ያለ ሲሆን ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ የደም ግፊት ልኬት የሚያዋጣውም ስለዚህ ነው።

ኮሪያ የከፈለችው

ለዚህ ከደቡብ ኮሪያ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረች። የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ሆስፒታሎች ግን አጋጣሚውን ተጠቅመው ለመጣው ተመርማሪ «ከ30 እስከ 50 ዶላር ብትጨምር አንገትህንም በአልትራሳውንድ እናይልሃለን» ይሉ ጀመር። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ማን እምቢ ይላል? ከዚያ የሆነው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር አለባቸው የተባሉት ኮሪያውያን መጠን ከ1993ቱ አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ፤ በአንድ ዓመት ብቻ ከአርባ ሺህ በላይ ሰዎች። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ በዓመት ከ300 እስከ 400 እንደነበረ ቀረ።

ነጋዴ ይህን ቁጥር ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ግዢው አሥራ አምስት እጥፍ አድጎ ትርፉ ባለበት ከቆመ፣ የተገዛው ዕቃ ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው። አልትራሳውንዱ ያገኘው ካንሰር ነው፤ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የሚበዛው ሰውየው እስኪያረጅና በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ምንም የማያደርገው ዓይነት ነበር። የተገኘባቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ቢላዋ ሥር ገቡ። ሁለት ሦስተኛው ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ዕድሜ ልካቸውን ክኒን የሚውጡ ሆኑ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መቶ ሰዎች አሥራ አንድ ያህሉ የሰውነታቸውን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ዕጢዎች ተጎዱ፤ ሁለት ያህሉ የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆነ። በ2014 ስምንት ሐኪሞች ተሰባስበው ድርጊቱን በአደባባይ ተቃወሙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምናው በ35 በመቶ ወረደ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከሚሸጡ ፓኬጆች ውስጥ የአንገት አልትራሳውንድ ሲታይ ይህ ታሪክ ሊታወስ ይገባል። በወንዶች ፓኬጅ የሚካተተው ፒ.ኤስ.ኤ የተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራም ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው። የአሜሪካው የቅድመ መከላከል ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ከ55 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሰዎች «ከሐኪም ጋር ተመካክረው ይወስኑ» ሲል፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ግን እንዳይደረግ መክሯል። ሴቶች ያለ ምንም ምልክት የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን በደም ምርመራ እንዲፈልጉም አይመክርም። መላ ሰውነትን በኤም.አር.አይ ማንሳት በአሜሪካ ሀብታሞች ዘንድ ፋሽን ሆኖ ለአንድ ጊዜ እስከ 2,500 ዶላር ሲከፈልበት፣ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክት ለሌለው ሰው የሚመከርበት በቂ ማስረጃ የለም ሲል መግለጫ አውጥቷል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች ራሳቸው ይህን ማለታቸው ክብደት አለው።

ሙሉ ምርመራውንስ በጥቅሉ? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ግምገማ ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች ሰብስቦ አይቷል። በጥቅል የጤና ምርመራ የተጠሩት ካልተጠሩት ይልቅ ረዥም ዕድሜ አልኖሩም።

እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። እነዚያ ሙከራዎች የተካሄዱት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። እዚያ ያልተጠራውም ሰው ቢሆን ለጉንፋን የቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ ግፊቱ ይለካል። የአዲስ አበባ ነጋዴ ካልታመመ ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ሲሄድም የሚያውቀው ሐኪም የለውም። ስለዚህ «ምርመራ አይጠቅምም» የሚለውን መደምደሚያ እንዳለ አምጥቶ መርካቶ ላይ መለጠፍ፣ ፓኬጁን እንዳለ ከመግዛት ያላነሰ ስሕተት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ለአገሩ መንገድ አይሆንም።

አውሮፕላንና ዶላር

ጃፓኖች ጤነኛ ሰው በየጊዜው የሚመረመርበትን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1954 በቶኪዮ ሲጀምሩ «የሰው መርከብ ማደሻ» እንደማለት ያለ ስም ሰጥተውታል። መርከብ ከረዥም ጉዞ በኋላ ወደብ ገብቶ እንደሚፈተሽ ሁሉ ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን ለፍተሻ ብቻ ሌላ ጉዞ ይጓዛል። ባንኮክ ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች የቆየ መንገድ ነው። በሽታው ታውቆ፣ እዚህ የማይሠራ ሕክምና ፍለጋ ለሚሄድ ሰው የሚባል ነገር የለም። ምንም ሳያመው ለቼክ አፕ የሚበር ሰው ግን ሒሳቡን ዳግም ይሥራ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ሺህ ዶላር ፓኬጅ ከ57 ሺህ ብር ተነሥቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ፤ ቲኬትና ሆቴል ሳይጨመር። በዚያ ገንዘብ ከሚገኘው ውስጥ ሕይወት የሚያድነው ክፍል ደግሞ እዚሁ ሰፈር ካለ ክሊኒክ የሚገኝ ነው። ውጤቱን ይዞ ሲመለስም የሚከታተለው ሐኪም ባንኮክ ነው የቀረው።

በሌላ በኩል፣ በኢትዮጵያ በብዛት የሚካሄድ ሌላ «ሙሉ ምርመራ» አለ፤ ማንም ፓኬጅ ብሎ አይጠራውም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ከመሳፈራቸው በፊት ደረታቸው በራጅ ይነሣል፤ ለኤች.አይ.ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለሌሎችም ደማቸው ይመረመራል። ብዙ ወጣት የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ነው። ምርመራው የሚደረገው ግን ለእሱ ሲባል አይደለም፤ ለቀጣሪው አገር ሲባል ነው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ብቁ ያልሆነ» ነው። «ብቁ ያልሆነ» የተባለችው ልጅ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ የሕልሟን መዘጋት እንጂ ወዴት ሄዳ እንደምትታከም የሚነግራት የለም። ከአንድ ምርመራ ማን እንደሚጠቀም ለማወቅ፣ ከውጤቱ በኋላ ምን እንደሚደረግ ማየት ይበቃል።

ታዲያ ምን ይገዛ?

የደም ግፊት ለማንኛውም ጎልማሳ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ። በጾም የሚደረግ የስኳር ምርመራ፣ በተለይ ቦርጭ ላወጣና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል፤ ባለሱቁ ሁሉ ማለት ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ በሕይወት ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በኢትዮጵያ የዚህ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው ማለት ይቻላል ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ጉበት ሊያጠነክርና ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን የሚቆጣጠረው መድኃኒት አለ፣ ሚስትና ልጆችም ይከተባሉ።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ። ይህ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚታየው ካንሰር ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት መንገድ የሚጠይቀው አቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ፣ ጥጥ፣ መብራትና የሠለጠነች ነርስ ብቻ ነው። ለውጥ ከታየ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታከማል። ዕድሜው 45 የሞላው ሰው የሰገራ ደም ምርመራን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለዓመታት ሲጋራ ያጨሰም የሳንባውን ነገር ለብቻ ያማክር። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በቤተሰብ ያለ በሽታና የሚሰማ ሕመም ሲኖር ነው እንጂ ለሁሉም በጅምላ የሚሸጥ አይደለም።

ዋናው ወጪ ከምርመራው በኋላ ነው፤ ፓኬጅ ሻጮች ስለዚህ ብዙ አያወሩም። የግፊት ክኒን በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ሰውየው ሁለት ወር ወስዶ ደህና ሲሆን «ዳንኩ» ብሎ ያቆማል፤ ግፊቱም ተመልሶ ይወጣል። የምርመራው ወረቀት ከሊብሬውና ከካርታው ጋር በአንድ መሳቢያ ተቆልፎበት ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ ያወጣው ገንዘብ በሙሉ ኪሳራ ነው።

የመድን ኩባንያዎችም በተለምዶ የሚከፍሉት ለታመመ ነው እንጂ ላልታመመ አይደለም። ዕድሮችም እንዲሁ፤ ድንኳንና ወንበር ገዝተው ያስቀምጣሉ፤ የግፊት መለኪያ ያለው ዕድር ግን እንዳለ አይሰማም። መቶ አባላት ያሉት ዕቁብ ወይም የነጋዴዎች ማኅበር ነርስ አምጥቶ በሦስት ወር አንዴ አባላቱን ቢያስለካ ወጪው ለአንድ አባል ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ዕጣ በሚወጣበት ዕለት ሰው ሁሉ ስለሚገኝ የሚቀርም አይኖርም። ዕጣ የወሰደ ሰው ቀሪውን ሳይከፍል ቢወድቅ የሚጎዱት ራሳቸው አባላቱ ስለሆኑ ነገሩ ምጽዋት አይደለም።

ክሊኒኮቹም ቢሆኑ ዋጋ የሚለጥፉበት ሰሌዳ አላቸው። እያንዳንዱ ምርመራ ምን እንደሚፈልግ፣ ከመስመር ውጭ ቢወጣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግና ስንት እንደሚያስወጣ ከዋጋው ጎን ቢጻፍ የፕላቲኒየሙ ገዢ ይቀንስ ይሆናል፤ የግፊቱና የስኳሩ ግን ይበዛል። እስከዚያው ነጋዴው በሰኔ ቆጠራው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ የደም ግፊት፣ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር፣ የተለካበት ቀን።